እናቴ በሕይወት ሳለች የተቀመጥኩት ለቅሶ

መጠጥ መቼ እንዳቆምኩ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ «እናቴ የሞተች ዕለት» እላለሁ። ጠያቂው ከንፈሩን ይመጥና «ነፍስ ይማር» ይላል። «አይ፣ ደሴ በደህና አለች፣ ትናንት እንኳ አውርተናል» ስለው ግራ ይጋባል። ግራ መጋባቱን ማየት ደስ ስለሚለኝ ቶሎ አላስረዳም። ለእናንተ ግን ከነዝርዝሩ ልንገራችሁ። የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ሳይሆን ስለምኮራበት ነው።

ያኔ የምኖረው ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት አጠገብ፣ ባለ አንድ ክፍል አፓርትመንት ውስጥ ነበር። ቀን ቀን ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ትኬት እቆርጣለሁ። የቀረውን ሰዓት እጠጣለሁ። እውነቱን ለመናገር ትኬት እየቆረጥኩም እጠጣ ነበር፤ ቮድካ፣ በቡና ኩባያ። ሰካራም ነህ የሚለኝ ሰው ካለ እጣላለሁ። ለእኔ ሰካራም ማለት መንገድ ላይ የሚወድቅ ሰው ነው፤ እኔ የምወድቀው ቤቴ ነበር።

ጠርሙስ መደበቅ ላይ ማንም አይደርስብኝም። ሩዝ ከረጢት ውስጥ፣ የሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ፣ የክረምት ካፖርቴ እጅጌ ውስጥ እደብቃለሁ። የምኖረው ደግሞ ብቻዬን ነበር። ከማን እንደምደብቅ እስካሁን አልገባኝም።

አንድ ቅዳሜ ሞቅ ብሎኝ የሥራ ባልደረባዬ አባት ቀብር ላይ ልገኝ ሄድኩና የመቃብር ቦታው ሌላኛው ጥግ ላይ ከማላውቃቸው ፊሊፒኖዎች መሃል ገብቼ ደረቴን እየደቃሁ አለቀስኩ። ማንም ያስቆመኝ የለም። እንዲያውም የሟች ልጅ አቅፋ አመሰገነችኝ፣ ምሳም በልቼ መጣሁ። ይህን እንደ ቀልድ ለሰው እያወራሁ እስቃለሁ። የሚሰማኝ ሰው ግን ሳቁን ቶሎ ይተወዋል፤ እኔ ብቻዬን እቀራለሁ።

ነገሩ የሆነው አንድ ማክሰኞ ነው። ገና በደንብ ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ።

በዚያ ሰዓት በር ሲንኳኳ ለእኛ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው፤ ሰውየው ሥራ ሳይሄድ፣ ከሌላ በስልክ ሳይሰማ። ሽማግሌዎች ተሰባስበው ይመጣሉ፣ ያስቀምጡሃል፣ ዙሪያህን ይይዙሃል፣ ከዚያ አንዱ ይናገራል። አሜሪካ ብዙ ነገር አስጥላናለች፣ ይህን ግን አላስጣለችንም።

በሩን ስከፍት ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ፊት ለፊት ጋሽ እንድሪስ ናቸው፤ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሐጂ፣ የእኛው የደሴ ሰው፣ የእናቴን ሰፈር ቤት በቤት የሚያውቁ። ከአገር ቤት ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው ጋሽ ሀብቴ፤ ካዛንቺስ ያደጉ ኤርትራዊ፣ ከኤል ሴሪቶ ድረስ ነድተው የመጡ። ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል። ጋሽ ሀብቴ ያላቸው ሱፍ አንድ ነው፣ የሚለብሱትም ለቀብር ነው። ሦስተኛዋ ባለ ምግብ ቤቷ እትዬ አልማዝ ናቸው፤ ከራስ እስከ እግር ጥቁር። እህታቸው ከሞቱ ገና ዓመት አልሞላም ነበር፣ እኔ ግን ያን ሰዓት ትዝ አላለኝም። በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ታቅፈዋል። ለቅሶ ቤት ደግሞ ምግብ ተይዞ ነው የሚኬደው።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«መጀመሪያ እንግባ» አሉ ጋሽ ሀብቴ።

«ንገሩኝ!»

«ቁጭ በል ልጄ» አሉ ጋሽ እንድሪስ ክንዴን ይዘው። «ወንድ ነህ። በርታ።»

ከዚህ በላይ ምን ይነገረኝ? የደሴው ሰው፣ ጥቁሩ ሱፍ፣ ድስቱ፣ «በርታ»።

«እማዬን!» ብዬ ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ።

እትዬ አልማዝ ሰው ሲያለቅስ ዝም ብለው ማየት የማይችሉ ሰው ናቸው። ድስቱን አልጋዬ ላይ ጣል አድርገው «ውይ በሞትኩት! እናቱን! ውይ ውይ ውይ!» እያሉ አጠገቤ ተቀመጡ። የእሳቸውን ለቅሶ ስሰማ የነበረችኝ ትንሽ ጥርጣሬ ጠፋች። ጋሽ ሀብቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡ። ጋሽ እንድሪስ ዓይናቸውን በመሐረብ ሸፈኑ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እኔ እንባ ብቻ አይደለም የወጣኝ።

«እሑድ ስትደውዪ ስልኩን እያየሁት ሳላነሳው! ምላሴ ተሳስሮ እንዳትሰሚኝ ብዬ! ጉንፋን ነው፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው እያልኩ ስዋሽሽ! የዓይንሽን ማሳከሚያ ጠጥቼው! ሩዝ ከረጢት ውስጥ ደብቄ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ደብቄ! ሰካራም ነው የወለድሽው እማዬ! ሰካራም!»

ያቺ ቃል ስለ ራሴ ከአፌ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበረች። ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን በጫማ ደበደበ። እትዬ አልማዝ «የእናት ሐዘን ነው፣ ታገስ!» ብለው በአማርኛ ጮሁበት።

እንዲህ ሆነን ለረጅም ጊዜ ቆየን። በመጨረሻ ጋሽ እንድሪስ መሐረባቸውን አጥፈው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«መቼ ነው ያረፉት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እናንተ አይደላችሁ የምትነግሩኝ?»

«እኛ?»

«ታዲያ ለምን መጣችሁ?»

ሦስቱ ተያዩ። እትዬ አልማዝ ለቅሷቸውን እንደ ቧንቧ ዘጉት።

«እኛ እኮ የመጣነው ለመጠጡ ነው» አሉ ጋሽ ሀብቴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእትዬ አልማዝ ልጅ ሣራ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት። ስለ እኔ ሲያወሩ ሰምታ «ኢንተርቬንሽን አድርጉለት» ትላቸዋለች። ምንድን ነው ሲሏት፣ የሚወዱት ሰዎች ተሰብስበው፣ መጠጣት ሳይጀምር በጠዋት ይሄዱበታል፣ አስቀምጠው ረጋ ብለው ይነግሩታል፣ ብቻውንም አይተዉትም ብላ ታስረዳለች። ሦስቱም በአንድ አፍ «እሱማ እናውቅበታለን» አሉ። ለካ የሚያውቁት መርዶ ኖሯል።

ይህን ሁሉ ቢያስረዱኝም አላመንኳቸውም። መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ «ደህና ናቸው፣ ትንሽ አሟቸው ነው» እንደሚል ማን ያጣዋል? «አትዋሹኝ» እያልኩ ማልቀሴን ቀጠልኩ። በመጨረሻ ጋሽ እንድሪስ ስልካቸውን አውጥተው ደሴ ደወሉና ድምፁን ከፍ አደረጉት። ጮኸ፣ ጮኸ፣ አልተነሳም። አራታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ስልኩ ላይ አፈጠጥን። እትዬ አልማዝ በአንድ እጃቸው አፋቸውን ያዙ፤ አሁን እሳቸውም ፈርተዋል።

«ሃሎ! ማነው?» ከጀርባው ሞተር ይጮኻል። «አይሰማም! ወፍጮ ቤት ነኝ! በርበሬ እያስፈጨሁ ነው!»

«እማዬ!»

«ኤፍሬም? ምን ሆነህ ነው? ታለቅሳለህ እንዴ?»

«አይ... ጉንፋን ነው።»

«ምን ዓይነት ጉንፋን ነው የማይለቅህ? ፌጦ የለም እንዴ እዚያ? በል ተራዬ ደርሷል፣ ኋላ ደውል!»

ዘጋችው። እናቴን የቀበርኳት እኔ ነኝ፣ ተነስታ በርበሬዋን ስታስፈጭ የሰማሁትም እኔ ነኝ። እንደዚያ ያለ ደስታ በጠርሙስ ፈልጌ አግኝቼ አላውቅም።

እትዬ አልማዝ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ልንነግርህ የመጣነውን ሁሉ አንተው ተናገርከው። የሩዙን ከረጢት እኔ አላውቅም ነበር።»

ከዚያ ዋናው ነገር መጣ። ሣራ ሳን ሆዜ አንድ የማገገሚያ ማዕከል ውስጥ አልጋ አግኝታልኛለች። አልጋው የሚጠብቀኝ እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው፤ ካልደረስኩ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል፣ ሌላ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም።

«ነገ ብሄድስ?» አልኩ። «ሥራ ቦታ ሳልናገር፣ ልብሴን ሳላጥብ...»

ጋሽ እንድሪስ ጎንበስ ብለው ዓይኔን አዩኝ። «አላህ ዛሬ እናትህን መልሶ ሰጥቶሃል። ይህን ያህል ሰጥቶህ ነገ ነው የምትለው?»

ጫማዬን ማጥለቅ ጀመርኩ።

የጋሽ ሀብቴ መኪና አሮጌና ሰፊ ነው። ከኋላ ከእትዬ አልማዝና ከድስቱ ጋር ተቀመጥኩ። ኤይት ኤይቲ የሚሉት አውራ ጎዳና እንደ ልማዱ ተዘጋግቷል። ጋሽ ሀብቴ ደግሞ መንገድ ባዶ ሲሆንም የማይፈጥኑ ሰው ናቸው። ሄይዋርድ ሳንደርስ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ቀጥሎ ጉልበቴ፣ ቀጥሎ መንጋጋዬ። ላብ በጀርባዬ ወረደ። እትዬ አልማዝ ደንግጠው ለሣራ ደወሉ።

«ማም፣ ሂ ካንት ጀስት ስቶፕ!» አለች ሣራ። «ኢትስ ዴንጀረስ! ዌይት፣ ነርሷን ልጠይቃት።»

ማዕከሉ ውስጥ ያለችውን ነርስ ጠይቃ መልሳ ደወለች። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ካቆመ አንዘፍዝፎ ሊጥለው ይችላል፤ እዚያ እስኪደርስ ጥቂት ይጠጣ፣ ካልተሻለው ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት ብላለች ነርሷ።

ጋሽ ሀብቴ በመስታወቱ ወደ ኋላ አዩን።

«መጠጥ አስቁሙት ብላ የላከችን ልጅ መጠጥ ግዙለት ነው የምትለን?» አሉ ጋሽ ሀብቴ።

ከመንገዱ ወጥተን አንድ የመጠጥ ሱቅ ፊት ለፊት ቆምን። አሁን ማን ይግባ? እኔን ብቻዬን አያምኑኝም፣ ደግሞም አያምኑኝ። ጋሽ ሀብቴ «እኔ መሪ ይዣለሁ» አሉ፤ መኪናው እኮ ቆሟል። እትዬ አልማዝ «በሐዘን ልብስ ቢራ ልግዛ?» አሉ። ጋሽ እንድሪስ ግን ነጭ ኮፍያቸውን አስተካክለው በሩን ከፍተው ወረዱ። እኚህ ሰው ታክሲ ሲነዱ ጠርሙስ የያዘ ሰው አይጭኑም ነበር። የመጠጥ ሱቅ ደጃፍ ረግጠው አያውቁም።

በቀጭን ጥቁር ፌስታል አንድ ጣሳ አንጠልጥለው ተመለሱ፤ ፌስታሉን ከሰውነታቸው አርቀው እንደሞተ አይጥ ይዘውታል።

«ሻጩን የትኛው ይሻላል ብዬ ጠየቅኩት» አሉ። «ይኼ ምንም አልኮል የለበትም፣ ዜሮ ነው አለኝ። ደህናውን ነው የመረጥኩልህ።»

ጥርሴ እየተንገጫገጨ ሳቅ ያዘኝ። «ጋሽ እንድሪስ... የሚፈለገው ያለበት ነው።»

«አስተግፊሩላህ» አሉና ተመልሰው ገቡ። ሻጩ ምን ብሏቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ሲወጡ ጆሯቸው ቀልቷል።

ጣሳውን ልከፍተው አልቻልኩም። ሁለት እጄ ተባብሮም አልያዘልኝም። ጋሽ እንድሪስ አጠገቤ ገብተው ተቀብለው ከፈቱት፣ አረፋው ነጭ ጀለብያቸው ላይ ፈሰሰ። በአንድ እጃቸው ማጅራቴን ደግፈው፣ በሌላው ጣሳውን አፌ ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ነፍስ ለማዳን ነው» አሉ። «መድኃኒት ነው። ቀስ እያልክ።»

ጋሽ ሀብቴ ደግሞ ከፊት «ፖሊስ ቢመጣ ምን እንላለን? አንድ ሐጂ፣ አንድ ሐዘንተኛ፣ አንድ ባለ ሱፍ፣ አንድ ሰካራም?» እያሉ ግራ ቀኝ ያያሉ። በሕይወቴ ከጠጣሁት ሁሉ የምኮራበት መጠጥ ያ ብቻ ነው። የሰው ልጅ ለሰው ምን ያህል ዝቅ እንደሚልና በዚያው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ያየሁት እዚያ መኪና ውስጥ ነው።

እየተሻለኝ መጣና ጉዞ ቀጠልን። ማዕከሉ ስንደርስ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ሴት ስሜን ጠየቀችኝ፣ በወረቀቱ ላይ የምፈርምበትን አሳየችኝ፣ ከጀርባዋ ያለውን በር ጠቆመችኝ። እትዬ አልማዝ ድስቱን ሊያስረክቧት ይታገላሉ፤ እሷ ከውጭ ምግብ አይገባም ትላለች፤ እሳቸው «ዶሮ አይደለም፣ የጾም ነው» ይሏታል።

አሁን ያልነገርኳችሁን ነገር ልንገራችሁ። ጠዋት ጫማዬን ሳጠልቅ ካልሲዬ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጠፍጣፋ ጠርሙስ ሸጉጬ ነበር። ሙሉ ቮድካ። ያን ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ ሲያንገላታኝ፣ ሐጂው ሁለት ጊዜ ሱቅ ሲገቡ፣ ጠርሙሷ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነበረች። ትንፍሽ አላልኩም። ለውስጥ ነበር ያስቀመጥኳት፤ እንደምንም ገብቼ፣ በመጀመሪያው ክፉ ሌሊት እሷን ጠጥቼ፣ ሞከርኩ አልሆነልኝም ብዬ ልወጣ። ሰካራም ሁልጊዜ መውጫውን አዘጋጅቶ ነው የሚገባው።

ብዕሩን አስቀምጬ ጎንበስ አልኩ። የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት ስጀምር ጋሽ ሀብቴ የምሮጥ መስሏቸው ሄደው የውጪውን በር በጀርባቸው ዘጉ። ቋጠሮው እምቢ አለኝ። ልተወው ይሆን አልኩ። ማንም አላየ፣ ማንም አይጠይቀኝም። ጠዋት ወለሉ ላይ ሆኜ የጮህኩት ትዝ አለኝና ቋጠሮውን በጠስኩት።

ጠርሙሷን ለጋሽ እንድሪስ ሰጠኋቸው። «ይኼን ያዙልኝ።»

ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩዋት። ገና ሙቀቴ አለባት።

«ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለህ?»

«ከቤት ጀምሮ።»

«ያን ጊዜ... እዚያ ሱቅ ስገባ?»

«አዎ።»

«ሁለተኛም ስገባ?»

«አዎ ጋሼ።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ከልባቸው ሳቁ። «አላህ ይይልህ! አላህ ይይልህ አንተ ልጅ!» እያሉ እንባቸው በጺማቸው ወረደ። እትዬ አልማዝም ድስቱን ረስተው ሳቁ። ጋሽ ሀብቴ ብቻ ከበሩ ሳይነሱ «ምን ሆነ? ምንድን ነው?» ይላሉ። እኔ በዚያ ሳቅ መሃል በሩን አልፌ ገባሁ።

ውስጥ ያለፍኩትን አልዘረዝርላችሁም፤ ክፉ ነበር፣ አለፈ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጠብታ አልቀመስኩም። አሁን የምኖረው እዚያው ሳን ሆዜ ነው፣ የትምህርት ቤት አውቶብስ እነዳለሁ። ልጆቻቸውን ለእኔ አደራ የሚሰጡ እናቶች በጠዋት «ጉድ ሞርኒንግ ሚስተር ኤፍሬም» ሲሉኝ ደረቴ ይነፋል።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ገበናህን ሸፍን፣ ለምን ታወራዋለህ?» ይሉኛል። ስሸፍን የኖርኩት ሰው እኔ ነኝ፣ ሩዝ ከረጢት ውስጥ ሳይቀር። ሽፋን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ስለዚህ እናንተ አንባቢዎች፣ ዘመዳችሁ ወይም ጎረቤታችሁ እንደኔ ከሆነ ሂዱና አንኳኩ። ምን እንደምትሉት ባታውቁም፣ አካሄዱ ቢጠፋባችሁም ሂዱ። የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፣ እንደ ሣራ ያለ ልጅ አይጠፋም። እኔ ዘንድ የመጡት ሦስቱም አልቻሉበትም፤ አንዱንም ነገር በትክክል አላደረጉትም። ግን መጡ።

አምና ደሴ ሄጄ የእናቴን ዓይን አሳከምኩ። ፋሻው የተነሳ ዕለት ማታ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ይህን ሁሉ ነገርኳት፤ መጠጡንም፣ ውሸቱንም፣ ለቅሶውንም። ታዝንብኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደኔ ዞረች።

«እስቲ፣ ምን እያልክ አለቀስክልኝ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ያን ጠዋት ወለሉ ላይ ያልኩትን አንድ ሳላስቀር አልኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ስጨርስ «ደህና አልቅሰሃል» ብላ ራሷን ነቀነቀች። በማግስቱ ጎረቤቶቿን ሰብስባ፣ እኔን ከፊታቸው አቁማ፣ «እናንተ ልጆቻችሁ ምን ብለው እንደሚያለቅሱላችሁ ሳታውቁ ነው የምትሞቱት። እኔ ሰምቼዋለሁ!» ስትላቸው በጆሮዬ ሰማሁ።